የሰኞ ማታዋ አንድ ሰዓት

የምፈልጋት አንዲት ሰዓት ናት። የካቲት 14 ቀን 1975፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1983፣ ሰኞ ማታ፣ ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «ዛትስ ኢንክሬዲብል» በሚለው ሳምንታዊ ዝግጅቱ የቪዲዮ ጌም ሻምፒዮና አሳየ። ውድድሩ የተቀረጸው ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ጃንዋሪ 8 እና 9፣ አዮዋ ግዛት ውስጥ ኦተምዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከዝግጅቱ የተቆራረጠ ምስል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ተቀድቶ ተቀድቶ የተጫዋቾቹ ፊት ከማይለይበት ደርሷል። የምሻው ግን ሙሉዋን ሰዓት ነው፤ ከነማስታወቂያዋ፣ ከነአየር ጠባይ ትንበያዋ፣ ያን ማታ አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ እንደታየችው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ጌሙም ባቡሩም የሚሄደው በዚያ ነው።)

ለምን እንደምፈልጋት ለሚጠይቀኝ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ስፒድረን የሚባል ነገር እወዳለሁ። አንድን ጌም ከመጀመሪያዋ ቁልፍ እስከ መጨረሻዋ ድረስ በተቻለ ፍጥነት መጨረስ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የኔ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ሱፐር ማሪዮን የሚያውቀው በቢጫ ካሴት፣ ጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን እየጠበቀ ነው። ስምንተኛው ዓለም ደርሶ ልዕልቷን ያዳነ ልጅ በሰፈሩ ይወራለት ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን እዚያ ሳይደረስ መብራት ይሄዳል። ያንኑ ጌም በ2021 ኒፍትስኪ በሚል ስም የሚጫወት ወጣት በ4 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ከ948 ሺኛ ጨረሰው፤ ከ4 ደቂቃ ከ55 በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ውበቱ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ጌሙ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይቀይራል። አንዱን ደረጃ ስትጨርስ ወደሚቀጥለው የሚያሻግርህ ግን በየ21ኛው ምስል ብቻ ነው። አንድ ምስል ብትቀድም፣ አስርም ብትቀድም፣ በሩ እስኪከፈት ትጠብቃለህ እንጂ ያተረፍከው የለም። 21ዱን ከሞላህ ግን ባንድ ጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ግድም ትወስዳለህ። ሰዎች ይህችን ሲሶ ሰከንድ ለማግኘት ዓመታት ይጨርሳሉ። እኔ ደግሞ እነሱን በማየት ሌሊት እጨርሳለሁ።

በ1983 እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አልነበረም። የማሽን ተጫዋች የሚለካው በነጥብ ነው፤ ማን ምን ያህል ሰዓት ቆመ፣ ስንት ሚሊዮን አስቆጠረ። እንደሚተረከው ግን በዚያች ማታ ዝግጅት መጨረሻ ላይ የቀሩት ተወዳዳሪዎች ከማሽን ወደ ማሽን እየሮጡ፣ ማን ቀድሞ ጨርሶ መስመሩን እንደሚያልፍ ተሽቀዳደሙ። አሸናፊው ቤን ጎልድ የሚባል የዳላስ ልጅ ነበር። ጌም የሚጫወት ሰው በሰዓት ሲለካ አንድ አገር ቁጭ ብሎ ያየው ያን ጊዜ ነው ብዬ ነው ልቤ የተነሳው። እኛ ዘንድ በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ገና ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ከለር የመጣው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ለኢሠፓ ምሥረታ።

ጉዞዬን የጀመርኩት እህቴ ቤት ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሰዘርን ታወርስ። ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያለው አንባቢ እነዚህን አምስት ረጃጅም ሕንጻዎች ያውቃቸዋል። ሊፍት ውስጥ በአማርኛ ሰላም ተባብሎ፣ የማን ልጅ መቼ እንደሚመረቅ ተጠያይቆ የሚወረድበት ግቢ ነው። መንገዱን ተሻግሮ አንድ ትልቅ ሆቴል ቆሟል። ከመስኮቱ እያሳየሁ፣

«እትዬ፣ ያን ሆቴል ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«በፊቱ ስንት ዓመት አለፍኩ፤ ምን ሆነ?»

«በ2010 ጃንዋሪ እዚያ የጌም ታሪክ ሊሠራ ነበር።»

«ቀስ በል። ልጆቼ ይሰሙሃል።»

ልጆቿ ግን ከኔ በላይ ያውቁ ነበር። በዚያ ሆቴል ማግፌስት የሚባል የሙዚቃና የጌም ጉባኤ ሲካሄድ፣ ማይክ ኡያማ የሚባል ወጣትና ጓደኞቹ ተራ በተራ ጌም በፍጥነት እየጨረሱ በቀጥታ አሰራጭተው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሊሰበስቡ አሰቡ። የሆቴሉ ኢንተርኔት አልሆን አለ። ዕቃቸውን ሰብስበው የማይክ እናት ቤት ቤዝመንት ገቡ፤ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተጫወቱ፤ ከ10,000 ዶላር በላይ አገኙ። ገንዘቡ የሄደው ኬር ለሚባለው የእርዳታ ድርጅት ነው፤ በ1984ቱ ድርቅ ጊዜ አገራችን ለገባው ለዚያው ኬር። እህቴ ይህን ስትሰማ ቡናዋን አስቀምጣ አንዴ ሆቴሉን፣ አንዴ እኔን አየች። «ታዲያ ይኼንን መጀመሪያ አትናገርም?» አለች። ያ ቤዝመንት ዛሬ ጌምስ ደን ክዊክ የሚባል፣ በአንድ ሳምንት ሚሊዮኖች ዶላር የሚሰበስብ ዝግጅት ሆኗል። ቴሌቪዥን አልጠሩም፤ ራሳቸው ቀረጹ፣ ራሳቸው አሳዩ፣ ራሳቸው አስቀመጡ። የ1983ቱ ልጆች ያላገኙት ዕድል ይኼ ነበር።

ከእህቴ ቤት ቀጥዬ ቺካጎ ገባሁ። ከዚያ «ካሊፎርኒያ ዚፈር» የሚባለው ባቡር በየቀኑ ከቀትር በኋላ ወደ ምዕራብ ይነሳል። ሳን ፍራንሲስኮ ደጃፍ ላይ ካለችው ኤመሪቪል ለመድረስ ከሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት በላይ ይፈጅበታል፤ እንደኔ ለፍጥነት የሚሟሟት ሰው የሚሳፈርበት አይመስልም። ግን ኦተምዋ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ የኔ ባቡር ነው። ደግሞም ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። ጣሪያው ድረስ መስታወት የሆነ መመልከቻ ፉርጎ አለው፤ ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረዋል። በርሊንግተን ከመድረሳችን በፊት ሚሲሲፒን ስንሻገር ፉርጎው ሁሉ ዝም አለ። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ የሚቸኩልበት ነገር የለውም።

አጠገቤ የተቀመጡት አሚሾች ነበሩ። አባትየው ረጅም ጺም፣ ሰፊ ባርኔጣ፤ እናትየው ነጭ ቆብ፤ ልጆቹ በቁመት ቅደም ተከተል። አሚሾች በሃይማኖታቸው ምክንያት ቤታቸው ቴሌቪዥን አያስገቡም፤ አውሮፕላንም አይሳፈሩም፤ በባቡር ግን ይሄዳሉ። አባትየው በትሕትና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ኦተምዋ።»

«ዘመድ አለህ?»

«የለኝም። ከአርባ ዓመት በፊት የታየ የቴሌቪዥን ዝግጅት እየፈለግሁ ነው።»

ሰውዬው ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «ከኛ ዘንድ እንደማታገኘው ቁርጥ ነው» አሉና ለሚስታቸው በራሳቸው ቋንቋ ነገሯቸው። ሁለቱ ሲስቁ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። ከዚያ ከቅርጫታቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

ኦተምዋ ለምን ኦተምዋ ሆነች? ነገሩ የአንድ ሰው እብደት ነው። ዋልተር ዴይ በ1981 በጋ ከመቶ በላይ የጌም ቤቶችን እየዞረ በየማሽኑ ላይ ያገኘውን ከፍተኛ ነጥብ በማስታወሻ ደብተር መዘገበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 በኦተምዋ ሜይን ስትሪት ላይ ትዊን ጋላክሲስ የሚባል የራሱን ጌም ቤት ከፈተ። በማግስቱ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ደብተሩን አገር አቀፍ የነጥብ መዝገብ አደረገው። ክብረ ወሰን የሰበረ ልጅ ካለ የጌም ቤቱ ባለቤት ስልክ ይደውላል፤ ዋልተር ይጽፋል። ማስረጃው የደዋዩ ቃል ነው። ስልኩ መጮኽ አላቋርጥ ሲል፣ ተጫዋቾች ከየአገሩ ጫፍ መምጣት ሲጀምሩ፣ ከንቲባው ጄሪ ፓርከር በኖቬምበር 30 ቀን 1982 ኦተምዋን «የዓለም የቪዲዮ ጌም መዲና» ብሎ አወጀ። ያኔ 27,000 ሰው ግድም የሚኖርባት፣ በአሳማ ሥጋ ፋብሪካና በእርሻ ዕቃ የምትታወቅ ከተማ። ድፍረቱን ወደድኩላቸው።

ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጠዋት ወደዚያው ባቡር ጣቢያ ተመለስኩ፤ የዋፔሎ ካውንቲ ታሪክ ሙዚየም ያለው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነውና። ከዚያ በፊት ግን ሜይን ስትሪትን ወደ ምሥራቅ ይዤ ቁጥር 226ን ፈለግኋት። የጡብ ሕንጻዎች በሁለቱም በኩል፤ ባንድ ጎን ወንዙ፣ በሌላው ጎን ኮረብታው። ስደርስ በሩ ዝግ ነበር። ትዊን ጋላክሲስ ጌም ቤትነቱ ያበቃው በማርች 1984 ነው፤ ከሦስት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ነበረው። ከበሩ ፊት ለፊት መንገዱ መሐል ቆሜ፣ የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ኤንሪኮ ፌሮሬሊ በኖቬምበር 7 ቀን 1982 ማሽኖቹን መንገድ ላይ አስደርድሮ፣ ተጫዋቾቹንና የከተማዋን ደጋፊ ልጃገረዶች አሰልፎ ያነሳውን ፎቶ በዓይኔ ልገጥም ሞከርኩ። አንድ ፒክአፕ ጡሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ።

ሙዚየሙ ውስጥ የተቀበሉኝ ጸጉራቸው የሸበተ በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«የኤቢሲ መኪኖች ሲመጡ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር» አሉ። «ኬብሉ ከመንገዱ ማዶ እስከ ማዶ ተዘርግቶ ነበር። እናቴ እንዳትሻገሪ ብላኝ ነበር፤ ተሻገርኩ።»

«ሲተላለፍስ አዩት?»

«ቤተሰቡ በሙሉ። ግን ከተማችን ብቅ ከማለቷ አለቀች። አባቴ 'ይኼው ነው?' አለ።»

«የቀረጸ ሰው ያውቃሉ?»

በዚያ ዓመት ዴክ የነበረው ሰው በጣት የሚቆጠር መሆኑን እያስታወሱኝ ስልክ አነሱ። ከሰዓት በኋላ ከወንዙ በስተደቡብ፣ ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ቤዝመንት ውስጥ ነበርኩ።

ሰውዬው ካሴቶቻቸውን በጫማ ካርቶን አስቀምጠዋል። ዴካቸው ይሠራል፤ በዓመት አንዴ በአልኮል እንደሚያጸዱት ነገሩኝ፣ እኔ ሳልጠይቅ። ካርቶን ከፍተው አንዲት ቪኤችኤስ አወጡ። በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሰኞ፣ ጌሞቹ» ተብሎ ተጽፎባታል። ከዚያ ተሰርዟል። ከሥሩ በሌላ እጅ «ሴቶች፣ ስቴት» ይላል።

ካሴቷን ገልብጠው ጀርባዋን አሳዩኝ። ቪኤችኤስ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ጠርዙ ላይ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ያቺ ከተሰበረች ዴኩ በላዩ ላይ መቅረጽ እምቢ ይላል። ሰው የሠርጉን ካሴት ሲያስቀምጥ የሚሰብራት እሷን ነው። የዚህች ካሴት ጥርስ ተሰብራለች። ክፍተቷ ላይ ደግሞ ከዘመን ብዛት የቢጫ ሻይ ቀለም የያዘ ፕላስተር በጥንቃቄ ተለጥፏል፤ ዴኩን አታልሎ እንደገና ለመቅረጽ።

«ጥርሷን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አሉ ሰውዬው። «ፕላስተሩን ግን እኔ አይደለሁም።»

ከደረጃው ላይ የሴት ድምፅ መጣ። «እኔ ነኝ! የእህቴ ልጅ ስቴት ደርሳ ነበር!»

አዮዋ ውስጥ በዚያ ዘመን የሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ከሁሉ በላይ ነበር። ስድስት ለስድስት ይጫወታሉ፤ ሦስቱ አጥቂ፣ ሦስቱ ተከላካይ፤ ማንም የመሐሉን መስመር አያልፍም፤ ኳስ ከሁለት ጊዜ በላይ ማንጠር አይፈቀድም። የግዛቱ ፍጻሜ በማርች በዲሞይን ሲካሄድ ትንንሽ ከተሞች ባዶ ይቀራሉ። በ1993 ሕጉ ተሽሮ ወደ አምስት ለአምስት ተዛወሩ፤ እዚያ ቤዝመንት ውስጥ ግን ጉዳዩ ገና ያላለቀ ይመስል ነበር። ሚስትየው ወርደው መጡና አየነው። እኔም አየሁት፤ እየቆየሁ ጎል መቁጠር ጀመርኩ። በሴትዮዋ ልፈርድ አልቻልኩም። ባልየው የወደዱትን ቀረጹ፣ ሚስትየውም የወደዱትን ቀረጹ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሁለቱንም እንዳሰራጨ ረስቷል።

ጨዋታው አለቀ። ስክሪኑ በረዶ ሆነ። ሰውዬው ሊያጠፉ እጃቸውን ሲዘረጉ «ይቆዩ» አልኳቸው። ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ካጠረ፣ ከበታች ያለው ጅራቱ ይተርፋል።

ተርፎ ነበር። መጀመሪያ ምስሉ ዘንበል ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቆመ። ጭብጨባ። የአዳራሽ መብራት፣ ቆመው የሚያጨበጭቡ ሰዎች። ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ ወዲያው የአካባቢው ጣቢያ አስተዋዋቂ በላያቸው መናገር ጀመረ፤ ስለ ቅዝቃዜ፣ ስለ ማታው ዜና። አንዲት የመኪና ማስታወቂያ ግማሽ ድረስ ሄደችና እንደገና በረዶ። ሁሉም ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አንዲትም የጌም ማሽን አልታየችም።

የዚያች ሰኞ ነው? ሰውዬው ይምላሉ፤ ጥርሷን የሰበሩት ለአንዲት ሰኞ ብቻ ነው። ሌላ ሰኞም ሊሆን ይችላል፤ ጅራት ስም አይጻፍበትም። ጠበቃ ብሆን ፍርድ ቤት ይዤው አልቀርብም። አፍቃሪ ስለሆንኩ ግን ሦስት ጊዜ አስመልሼ አየሁት። ሚስትየውም በሦስተኛው ላይ ቡና አፍልተው መጡ፤ ቀጭን የአሜሪካ ቡና፣ ግን በሙሉ ጀበና መጠን።

ሌላ ነገር ደግሞ ነበረ። ሰውዬው ያን ማታ ቁልፉን ሲጫኑ ሕግ እየጣሱ ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም። በ1981 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን መቅረጽ የባለቤትነት መብት መጣስ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር። የሶኒ ኩባንያ ነገሩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰደው፤ ክርክሩ የተሰማው ጃንዋሪ 18 ቀን 1983 ነው፤ ኦተምዋ ላይ ካሜራዎቹ ከተነሱ ዘጠኝ ቀን አይበልጥም። ፍርዱ የወጣው በዓመቱ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1984፣ አምስት ለአራት። በአንድ ድምፅ ብልጫ ተፈቀደ። ይህን ስነግራቸው ሰውዬው ወደ ካርቶኖቹ ዞር ብለው በኩራት ተመለከቱ።

የዚያ ዘመን ሰው ማስረጃ ማስቀመጥ ለምን እንዳልገባው አሁን ይገባኛል፤ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሁሉ የሚገርመኝ የድራግስተር ታሪክ ነው። አክቲቪዥን በ1980 ለአታሪ ያወጣው፣ ሰከንዶች ብቻ የሚፈጅ የመኪና ሽቅድምድም ጌም ነው። ቶድ ሮጀርስ የሚባል ተጫዋች በ5.51 ሰከንድ ጨረስኩት አለ፤ ኩባንያው ተቀበለው፤ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ 35 ዓመት ቆየ። በኋላ ኤሪክ ኮዚየል የሚባል ሰው ጌሙን እስከ አጥንቱ ፈትቶ፣ የሚቻለውን ሁሉ አስልቶ፣ ከ5.57 በታች መውረድ እንደማይቻል አሳየ። በጃንዋሪ 2018 ትዊን ጋላክሲስ ቁጥሩን ሰረዘው። ሮጀርስ እስከ መጨረሻው በቃሉ ጸንቷል። ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ፎቶ ነው፤ ቴፕ ያለው የለም። ካሜራ ያለው ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሳ ነበር።

ለዚህ ነው የዱም ሰዎችን የማከብራቸው። ዱም የሚባለው ጌም በዲሴምበር 1993 ሲወጣ ጨዋታህን የሚመዘግብ ነገር በውስጡ ነበር፤ የሚመዘግበው ግን ምስሉን አይደለም። ጌሙ በሰከንድ 35 ጊዜ ይቆጥራል፤ በእያንዳንዷ ቆጠራ ምን ያህል ወደ ፊት ሄድክ፣ ወደ ጎን፣ ምን ያህል ዞርክ፣ ምን ተጫንክ የሚለውን በአራት ባይት ይጽፋል። በሰከንድ 140 ባይት፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ከ85 ኪሎባይት አይበልጥም። ያንን ፋይል መልሰህ ለጌሙ ስትሰጠው ጌሙ ራሱ ያንኑ ጨዋታ እንደገና ይጫወተዋል። ነገሩ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ነው፤ ብራናው ላይ ድምፅ የለም፣ ምልክቱን የሚያውቅ መሪጌታ ካለ ግን ዜማው ይወጣል። በ1994 ኮምፔት-ኤን የሚባል መዝገብ እነዚህን ፋይሎች መሰብሰብ ጀመረ። የ1994 ተጫዋች እጁን የት እንዳሳረፈ ዛሬ ላፕቶፕህ ላይ ታየዋለህ፤ አንዲት ምስል ሳትደበዝዝ። ሚሊዮኖች ያዩት የኤቢሲ ሰዓት ግን ከቅርጫት ኳስ ሥር ተቀብሯል።

ሁለቱን ደቂቃ በፍላሽ ገልብጠው ሰጡኝና በማግስቱ ማታ እንደገና ዚፈር ላይ ወጣሁ። ስለ ኮሎራዶ ብዙ አልጽፍም፤ እጀምራለሁ እንጂ አልጨርስም። ከዴንቨር በኋላ ባቡሩ ተራራውን እየዞረ ይወጣና ሞፋት የሚባለው ዋሻ ውስጥ ይገባል። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ጨለማ ነው፤ የሞተሩ ጭስ እንዳይገባ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ አትዘዋወሩ ይባላል። ሲወጣ ያለኸው በሌላኛው ተፋሰስ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ ሁሉ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ኮሎራዶ ወንዝ ከሐዲዱ ጎን ለሰዓታት ተከተለን። ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች እጃቸውን አነሱልን፤ አንዳንዶቹም ሱሪያቸውን አወረዱልን፤ የቆየ የመንገዱ ልማድ ነው አሉኝ።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፈንስተን አቬኑ ላይ ነጭ ዓምዶች ያሉት ሕንጻ አለ። ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አሁን ኢንተርኔት አርካይቭ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ እንግዳ ይቀበላሉ። መቀመጫዎቹ አሁንም የእንጨት አግዳሚ ናቸው፤ መተላለፊያው ዳር ላይ ደግሞ ቁመታቸው ሦስት ጫማ የሚሆን ብዙ የሸክላ ሐውልቶች ቆመዋል። እነዚህ እዚያ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ መነጽራቸው፣ ውሻቸው፣ ቲሸርታቸው ሳይቀር። ከአዳራሹ ኋላ ሰርቨሮቹ ተደርድረዋል፤ ሰማያዊ መብራታቸው ብልጭ የሚለው አንድ ሰው የሆነ ቦታ አንድ ነገር ሲከፍት ነው።

ወደዚህ ያመጣኝ የማሪየን ስቶክስ ታሪክ ነው። የፊላደልፊያ ሴት ነበሩ፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው እስከሞቱበት እስከ ዲሴምበር 14 ቀን 2012 ድረስ ቴሌቪዥን ሌት ተቀን ቀረጹ፤ ብዙ ዴክ በአንድ ጊዜ፣ ቪኤችኤስና ቤታማክስ። እራት ተበልቶ ሳያልቅ ካሴት ለመቀየር ቤተሰቡ ይነሳ ነበር። ከ70,000 በላይ ካሴቶች ተዉ፤ ልጃቸው ለኢንተርኔት አርካይቭ ሰጠ፤ በኮንቴይነር ተጭኖ አገር አቋርጦ መጣ። አብዛኛው ዜና ነው፤ የኔ ሰኞ እዚያ ትገኛለች ብዬ ብዙ አልጠብቅም። ግን ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ሲያወራ እብደታቸውን ያነሳል፤ እኔ የማስበው ትጋታቸውን ነው። ኔትወርኮቹ ያላደረጉትን አንዲት ሴት በራሳቸው ገንዘብ ካሴት እየገዙ አደረጉት።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የኦተምዋን ሁለት ደቂቃ ጫንኩ። መግለጫው ላይ ያለኝን ብቻ ጻፍኩ፤ ካሴቷ ከየት እንደሆነ፣ ምን እንደተጻፈባት፣ ጥርሷና ፕላስተሯ፣ ቀኗ እንዳልተረጋገጠ። ገና እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ሰውዬው ነበሩ።

«ሚስቴ አንድ ነገር አስታወሰች» አሉ። «ወንድሟ ዳቬንፖርት ውስጥ በዚያ ጊዜ ቤታማክስ ነበረው። ሰኞ ሰኞ ከዚያ ዝግጅት አያመልጥም ነበር። ካሴቶቹ ጋራዥ ውስጥ አሉ፤ ማጫወቻው ግን ከተጣለ ቆይቷል። ቤታማክስ ካገኘህ ና።»

ሶኒ የቤታማክስ ማጫወቻ መሥራት ያቆመው በ2002፣ ካሴቱን ደግሞ በ2016 ነው። ኦክላንድ ውስጥ አንድ የዕቃ ጠጋኝ የሚሠራ አለኝ ብሏል፤ ቀበቶው አርጅቷል፣ ሌላ አስገብቶ ሐሙስ ይሰጠኛል። የዚፈርን መመለሻ ትኬት ለዓርብ ቆርጫለሁ። ማጫወቻው ከሻንጣዬ ይከብዳል፤ እህቴን ደውዬ ነገርኳት፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የዋጋውን ነገር ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ልጆቿ ካሴቱ ሲከፈት በቪዲዮ እንዲያዩ እንድደውልላቸው።